የሐር ክራቫትና ሻርፕ ለድርጅት ደንበኛ፦ አርማው የት ይቀመጥ?

ቀለማት

ሰላም ለሁላችሁም። የግራፊክስ ዲዛይነር ነኝ። እስካሁን የሠራሁት ለወረቀትና ለስክሪን ነው። አሁን አንድ የፋይናንስ ድርጅት የራሱ ዲዛይን ያለው የሐር ክራቫትና ሻርፕ እንድሠራለት ጠይቆኛል። ግማሹ ደንበኛ ፊት ለሚቆሙ ሠራተኞች ነው። የቀረው ለእንግዶች በስጦታ ይሰጣል።

ትዕዛዛቸው አጭር ነው። «አርማችን በሻርፑ መሃል ትልቅ ሆኖ ይታይ፤ ክራቫቱ ላይ ጫፉ ላይ ይሁን፤ ቀለሙ የእኛው ጠቆር ያለ አረንጓዴ ይሁን» ነው ያሉኝ። ሠርቼ ሳየው ደስ አላለኝም። የመንገድ ዳር ማስታወቂያ መሰለብኝ። ግን ለደንበኛ «ደስ አላለኝም» ማለት አይበቃም፤ ምክንያት ይፈልጋል። በሽመና ይሁን በህትመት የሚለውንም ገና አልወሰንኩም። የሠራችሁበት ካላችሁ እባካችሁ ከየት ልጀምር?

ድርና ማግ

እህቴ፣ ስሜትሽ ልክ ነው። ምክንያትም አለው። ሻርፑን ተዘርግቶ የሚያዩት አንቺና የሚያጸድቀው ኃላፊ ብቻ ናችሁ። ከዚያ በኋላ ዕድሜውን የሚያሳልፈው ታጥፎና ታስሮ ነው።

አንድ ነገር አድርጊ። ዲዛይኑን በሙሉ ልኩ ርካሽ ስስ ጨርቅ ላይ አሳትሚው። ትልቁ ካሬ ብዙ ጊዜ 90 በ90 ሴንቲሜትር ነው። የፈረንሳዩ ፋሽን ቤት ኤርሜስ እ.ኤ.አ. በ1937 የመጀመሪያውን የሐር ካሬ ካወጣ ወዲህ በጣም የታወቀው ልክ ይኸው ነው። ከዚያ ሁለቱን ተቃራኒ ማዕዘኖች ወደ መሃል እጠፊ። ቀጭን መቀነት እስኪሆን ድረስ ደጋግመሽ እጠፊው። አንገትሽ ላይ አድርጊና ከፊት ቋጥሪው። አሁን መስታወት ፊት ቁሚ።

መሃል ላይ የነበረው ትልቅ አርማ የት ሄደ? ማጅራትሽ ላይ ነው። ያውም ተቆራርጦና ፀጉር ሸፍኖት። ከፊት የሚታየው የቀሩት ሁለት ማዕዘኖች ናቸው፤ ከእነሱ ጋር የጠርዙ ማስጌጫ ትንሽ ትንሽ ብቅ ይላል። ሦስት ማዕዘን አድርገሽ ትከሻሽ ላይ ብትጥዪውም ያው ነው። ማዕዘኖቹና ጠርዙ ይገናሉ፤ መሃሉ ይጨማደዳል።

ስለዚህ እኔ ሻርፕ የምነድፈው ከጠርዝ ወደ መሃል ነው። ዋናው ነገር ማዕዘኑ ላይ ይቀመጣል። መሃሉን ቀለል ባለ ድግግሞሽ እሞላዋለሁ። በጣም የምወደው ዘዴ ደግሞ አራቱን ማዕዘኖች የተለያየ መደብ መስጠት ነው። አንዱ አረንጓዴ፣ አንዱ ክሬም፣ አንዱ ግራጫ፣ አንዱ ጥቁር ሰማያዊ። ሠራተኛዋ እንደ ሸሚዟ ቀለም የፈለገችውን ማዕዘን ወደ ፊት ታወጣለች። አንድ ሻርፕ ነው፤ ግን ዛሬ የታሰረው የትናንቱን አይመስልም። የለባሾቹን ፊት ብታዪ ይህ ምን ያህል ደስ እንደሚያሰኛቸው ይገባሻል።

ክራቫቱ ላይ ሌላ ጉዳይ አለ። የክራቫት ጨርቅ የሚቆረጠው በሰያፍ፣ በ45 ዲግሪ ነው። ተስቦ የሚመለሰውና ሲፈታ የማይጣመመው በዚህ ምክንያት ነው። ስለዚህ ጨርቁ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ አርማ ክራቫቱ ላይ ተጋድሞ ይወጣል። ለባሹ ላይ ቀጥ እንዲል ፋይሉ ላይ 45 ዲግሪ ማዞር አለብሽ። ወደ የት አቅጣጫ የሚለውን ከፋብሪካው ጠይቂ፤ ሁሉም ጨርቁን አንድ ዓይነት አያነጥፍም።

አሁን ጫፍ ላይ ስላሉት። ኮት ሲቆለፍ ጫፉ አይታይም። «እንግዲያው ከቋጠሮው ሥር ይሁን» ሊሉሽ ይችላሉ። እሱም በለባሹ ቁመትና በአስተሳሰሩ ወደ ላይ ወደ ታች ይላል። አንዱ ላይ በትክክል ይወጣል፣ ሌላው ላይ ግማሹ ቋጠሮ ውስጥ ይገባል። ትንንሽ ምልክት መላውን ጨርቅ ላይ ቢደጋገም ግን ማንም እንዴትም ቢያስረው ይታያል። 1 ሴንቲሜትር አካባቢ የሆነ ምልክት ከሩቅ ነጥብ ይመስላል፤ እጅ ሲጨባበጡ ነው ምንነቱ የሚለየው። ለእኔ የድርጅት ክራቫት ውበቱ እዚህ ላይ ነው።

የማስታወቂያ ሰው

ትንሽ ልቃወም። ደንበኛው ገንዘብ የሚያወጣው ለመታየት ነው። አርማው ከሁለት ሜትር ካልተነበበ ለምን የራሱን ያሠራል? ዝግጁውን አረንጓዴ ክራቫት ገዝቶ ማደል ይችላል እኮ። ዲዛይነሮች ስለ ውበት ስትጨነቁ የደንበኛውን ፍላጎት የምትረሱ ይመስለኛል።

ድርና ማግ

ወንድሜ፣ ጥያቄህ ደንበኛው ራሱ የሚጠይቀው ስለሆነ መልስ ይገባዋል።

ሠራተኛው የሚቆምበት ቦታ ግድግዳው ላይ አርማ አለ። በሩ ላይ አለ። ደረቱ ላይ ባጅ አለ። ክራቫቱ አራተኛ ማስታወቂያ ከሚሆን ይልቅ ያን ሰው የተከበረ ባለሙያ እንዲመስል ቢያደርገው ለድርጅቱ ይበልጥ ይጠቅመዋል።

ስጦታው ላይ ደግሞ ጉዳዩ ይብሳል። የሌላ ድርጅት ስም በትልቁ የተጻፈበትን ክራቫት አስሮ ወደ ራሱ ስብሰባ የሚገባ ማን ነው? ማንም። መሳቢያ ውስጥ ይቀራል። መሳቢያ ውስጥ የቀረ ነገር ከሁለት ሜትርም ከአንድ ሜትርም አይነበብም።

ዝግጁ ክራቫት አይተካውም የምለው አርማው ዝም ብሎ የሚለጠፍ ስላልሆነ ነው። ይፈታል። ውስጡ ቅጠል ካለ ቅጠሉ ይወጣል፤ ቅስት ካለ ቅስቱ ይወጣል። አንዱ ቁራጭ ይያዝና ይገለበጣል፣ ይደጋገማል፣ መጠኑ ይቀያየራል። የሚወጣው ንድፍ የዚያ ድርጅት ብቻ ነው፤ ሌላ ማንም የለውም። ድርጅቱን የሚያውቅ ወዲያው ይለየዋል። የማያውቅ ሰው ደግሞ ጥሩ ክራቫት ነው ብሎ ያስረዋል። ሁለቱንም የሚያገለግል ዕቃ ነው መሠራት ያለበት።

አታሚው

በህትመት በኩል ያለውን እኔ ልበል።

የሐር ክብደት የሚነገረው በሞሜ ነው። 1 ሞሜ በካሬ ሜትር 4.34 ግራም ያህል ነው። ለሻርፕ ከ14 እስከ 16 ሞሜ ያለው የሐር ትዊል፣ ማለትም ሽመናው ሰያፍ መስመር ያለው ሐር፣ ጥሩ ነው፤ በካሬ ሜትር ከ61 እስከ 69 ግራም መሆኑ ነው። ከ12 በታች ሲወርድ ይሳሳል፣ ብርሃን ያሳልፋል። ለስጦታ አልመክርም። ሲነኩት ክብደቱ እጅ ላይ ሊሰማ ይገባል።

ሁለት የህትመት መንገድ አለ። በስክሪን ከሆነ ለእያንዳንዱ ቀለም የራሱ ስክሪን ይዘጋጃል። ስለዚህ ቀለም በጨመርሽ ቁጥር ዋጋው ይጨምራል፤ ብዛቱ ትንሽ ከሆነ አያዋጣም። በዲጂታል ከሆነ የቀለም ብዛት ችግር አይደለም፤ ጥቂት ቁራጭም ማሠራት ይቻላል። በሁለቱም ቀለሙ ከታተመ በኋላ በእንፋሎት ይታጠናል፤ ያኔ ነው ከሐሩ ጋር የሚያያዘው። ከዚያ የተረፈው ይታጠባል። ይህን የሚዘል ማተሚያ ካጋጠመሽ ሽሺ፤ ቀለሙ ሸሚዝ ላይ ይለቃል።

ዲጂታል ወፈር ባለ ትዊል ላይ ጀርባው ፈዘዝ ይላል። ሻርፕ ሲታሰር ጀርባው መታየቱ አይቀርም። ስለዚህ ናሙናውን ገልብጠሽ ተመልከቺ፤ ብዙ ሰው ፊቱን ብቻ አይቶ ያጸድቃል።

ወርቃማ የሚያብረቀርቅ ቀለም ከፈለጉ አስቀድመሽ አስጠንቅቂያቸው። በመደበኛ ዲጂታል አይወጣም። በስክሪን ከላይ ሲለበድ ደግሞ ያን ቦታ ሐሩን ያደርቀዋል። የሐር ልስላሴው ከጠፋ ምን ቀረ?

ሌላው ቅምቅማቱ ነው። በእጅ ተጠቅልሎ የተሰፋ ጠርዝ ሞላ ይላል፣ ጥላ ይሰጣል። በማሽን የተቀመቀመው ጠፍጣፋ ነው፤ ዋጋው ግን ይቀንሳል። ለሠራተኞቹ ማሽን፣ ለእንግዶቹ እጅ ብትዪ አግባብ ይመስለኛል። እና ጠርዙ ተጠቅልሎ የሚገባበትን ጥቂት ሚሊሜትር ፋይልሽ ላይ ተዪለት፤ አለበለዚያ ቀጭን የጠርዝ መስመር ከሠራሽ በአንዱ ጎን ሰፍቶ በሌላው ይጠፋል።

ቀለማት

እግዚአብሔር ይስጥልኝ። በጨርቅ አሳትሜ አጠፍኩት፤ አርማው እንዳላችሁት ማጅራቴ ላይ ነው ያረፈው! ፎቶ አንስቻለሁ። ለደንበኛው ከቃላት ይልቅ ይህ ያስረዳዋል።

ሁለት ጥያቄ ቀረኝ። ክራቫቱን በሽመና ላድርገው? አረንጓዴውስ? የአርማ መመሪያቸው ላይ የፓንቶን ቁጥር፣ ማለትም የቀለሙ መለያ ቁጥር፣ አለ። እሱን ብሰጥ ይበቃል?

ድርና ማግ

ለክራቫት ድምፄ ለሽመና ነው። ጃካርድ በሚባለው ሽመና ንድፉ ከክሩ ጋር አብሮ ይሠራል። ክሩ ቀድሞ ይነከራል፤ ከዚያ ድሩና ማጉ ሲጠላለፉ ምልክቱ ይወጣል። ብርሃን ሲያርፍበት መደቡና ምልክቱ በየራሳቸው ያበራሉ። በአንድ አረንጓዴ ብቻ፣ በሽመናው ልዩነት ብቻ የሚታይ ንድፍ ማውጣት ትችያለሽ። በህትመት ይህ አይገኝም።

ገደብም አለው። ፋብሪካው አነስተኛ የትዕዛዝ መጠን ይጠይቃል፤ ከህትመት ይበልጣል። ቀለም ሲጨመር ተጨማሪ ማግ ይገባል፤ ጨርቁም ይወፍራል። ቀጭን መስመርና ትንንሽ ፊደል በክር አይወጡም፤ ይሰባበራሉ። የድርጅቱን ስም በፊደል ለማስገባት እንዳትሞክሪ። ምልክቱ ይበቃል።

ቀለሙ ላይ የማይቀረው ነገር የድሩ ቀለም ነው። ብዙ ፋብሪካ ማሽኑ ላይ አስቀድሞ የተወጠረ ጥቁር፣ ጥቁር ሰማያዊ ወይም ነጭ ድር አለው። ማጉን አረንጓዴ ብታደርጊው ድሩ ከሥር ብቅ እያለ ይለውጠዋል። በጥቁር ሰማያዊ ድር ላይ ነጭ ያልሽውም ሰማያዊ ጥላ ያለበት ነጭ ሆኖ ይመጣል። ስለዚህ የክሩን ናሙና ብቻ አይተሽ እሺ አትበዪ። ተሸምኖ ይምጣልሽ።

አታሚው

የፓንቶኑን ቁጥር በተመለከተ፣ አይበቃም። የአርማ መመሪያ ላይ ያለው አብዛኛውን ጊዜ በሲ ፊደል የሚያልቅ ነው፤ ለሚያብረቀርቅ ወረቀት የተዘጋጀ ቀለም ማለት ነው። ለጨርቅ የተለየ የፓንቶን መጽሐፍ አለ። የእሱ ናሙናዎች የተነከሩ የጥጥ ጨርቆች ናቸው። ሐር ደግሞ ከጥጥ ይልቅ ያበራል። ስለዚህ ቅርቡን ቁጥር ምረጪና ሐር ላይ ሁለት ሦስት እርከን አሳትሚ። አንዱ ትንሽ ጠቆር፣ አንዱ ትንሽ ሞቅ፣ አንዱ ልክ እንዳለው። ደንበኛው ከእነዚያ በእጁ ነክቶ ይምረጥ። በስክሪን ፎቶ ቀለም አታጸድቂ። በፍጹም።

መብራቱንም ልብ በይ። በአንድ መብራት ሥር አንድ የሚመስሉ ሁለት አረንጓዴዎች በሌላው ሥር ይለያያሉ። እኛ በዲ65፣ ማለትም በቀን ብርሃን አምሳያ መብራት ሥር እናያለን። ከዚያ ሠራተኞቹ በሚቆሙበት አዳራሽ መብራት ሥር ደግመሽ እዪው። ክራቫቱ ተሸምኖ፣ ሻርፑ ታትሞ ጎን ለጎን የሚለበሱ ስለሆኑ ሁለቱን አንድ ላይ ይዘሽ አመሳስዪ። ፍጹም አንድ ካልሆኑ፣ ሆን ተብሎ የተለየ እንዲመስል አንዱን አንድ እርከን አጥቁሪው። «ለጥቂት ያልገጠመ» ቀለም ነው ዓይን የሚያስቀይመው።

የደንብ ልብስ ኃላፊ

ሁላችሁም ስለ ጨርቁ እያወራችሁ ነው። እስቲ ስለ ለባሹ ልጠይቅ። ሠራተኞቹን ያነጋገራቸው አለ?

ሥራዬ የደንብ ልብስ ማስተዳደር ነው። ሐር ውብ ነው፤ ግን የፕሮቲን ክር ነው። ላብና ፀሐይ ያደክሙታል። በረኪና ያጠፋዋል። ጠንካራ የልብስ ሳሙናም አይስማማውም። ውሃ ጠብ ሲልበት ምልክት ይተዋል። በየቀኑ የሚለብስ ሰው አንድ ብቻ ከተሰጠው ዓመት ሳይሞላ ያልቅበታል። ቢያንስ ሁለት ይሰጠው፤ አንዱ ሲያርፍ ሌላው ይለበስ። የደረቅ እጥበት ወጪው የማን እንደሆነ ከአሁኑ ይጻፍ። ወጪውን ሠራተኛው ላይ ከጣሉት ሰው ቤቱ ያጥበዋል፤ ከዚያ ያበቃለታል።

በጀት ካልፈቀደ ለዕለት ተዕለቱ ጥሩ ማይክሮፋይበር (ደቃቅ ሰው ሠራሽ ክር)፣ ለስጦታና ለክብር ዝግጅት ሐር ማድረግ ምንም ነውር የለውም። ዲዛይኑ አንድ ይሁን እንጂ።

አሁን ልኩ። መደበኛ ክራቫት ርዝመቱ 148 ሴንቲሜትር ገደማ ነው። ረጅም ሰው ሲያስረው እምብርቱ ላይ ይቀራል። 160 ሴንቲሜትር የሚደርስ ረጅም ልክ አብሮ ይታዘዝ። ጥበቃ ላይ ያለ ሠራተኛ ካለ ሲጎተት የሚላቀቅ ክራቫት ያስፈልገዋል፤ አንገት ማነቂያ እንዳይሆንበት። ፀጉሯን የምትሸፍን ሴት ካለች ትንሹ 50 ሴንቲሜትር ካሬ አይጠቅማትም። 90ው ግን ያገለግላታል። ክራቫት የምትመርጥ ሴትም ልትኖር ትችላለች። እነዚህ ሁሉ ከዲዛይኑ በፊት የሚጠየቁ ናቸው። ሠራተኛው ሳይጠየቅ የተሠራ ልብስ ሰዓቱ ሲደርስ መጀመሪያ የሚወልቅ ነው።

ቀለማት

ይህን አላሰብኩትም ነበር። ነገ ከሰው ሀብት ክፍሉ ጋር ቀጠሮ እይዛለሁ። ስለ ማይክሮፋይበር ስትሉ ትዝ አለኝ፤ አንድ አቅራቢ በጣም በወረደ ዋጋ «ንጹህ ሐር ነው» ብሎ ቁራጭ ልኮልኛል። እንዴት ልለየው?

አታሚው

ከጠርዙ ጥቂት ክር ምዘዢና በመቆንጠጫ ይዘሽ አቃጥይው። እውነተኛ ሐር እንደተቃጠለ ፀጉር ይሸታል፤ አመዱም በጣት ሲጫን ይደቃል። ፖሊስተር ግን ቀልጦ ጠንካራ እንክብል ይሆናል። ድሩንም ማጉንም ለየብቻ ሞክሪ፤ አንዱ ብቻ ሐር የሆነ ጨርቅ አለ። ትልቅ ትዕዛዝ ከሆነ በላቦራቶሪ ይመርመርልሽ።

ልብስ ሰፊው

ክራቫት እሰፋለሁ። አንድ ሁለት ነገር ልጨምር።

ዛሬ የምናውቀው ክራቫት አሠራር የመጣው እ.ኤ.አ. በ1920ዎቹ ነው። የኒው ዮርኩ ጄሲ ላንግስዶርፍ ጨርቁን በሰያፍ ቆርጦ ከሦስት ቁራጭ መግጠም ጀመረ። ፊቱ፣ አንገቱና ጅራቱ። ከዚያ በፊት ክራቫት ቶሎ ይጣመም ነበር። ዲዛይነሯ ይህን ማወቅ ያለባት ለምን መሰላችሁ? ሦስቱ ቁራጮች የሚገጣጠሙበት ቦታ ንድፉ ይቋረጣል። ትልልቅ ምስል ከሆነ አንገት ላይ ይሰበራል። ትንንሽ ድግግሞሽ ከሆነ አይታወቅም።

ውስጡ የሚገባው ጨርቅ ሱፍ ይሁን። ሱፍ ከሰያፍ ሐር ጋር አብሮ ይሳባል፣ አብሮ ይመለሳል። ወፍራም ጃካርድ ላይ ቀጭን ሱፍ፣ ቀጭን የታተመ ሐር ላይ ወፈር ያለ ሱፍ ነው የሚገባው። ቋጠሮው ቅርጽ የሚይዘው በዚህ ነው። ከጀርባ ያለው ረጅም ስፌት ላላ ብሎ ይሰፋል። መጨረሻው ላይ ትንሽ የክር ቀለበት ካየሽ ስህተት አይደለም፤ ክራቫቱ ሲሳብ ክሩ እንዳይበጠስ የተተወ ነው። ደንበኛው «ክር ተንጠልጥሏል» ብሎ እንዳይቆርጠው ንገሪው።

አርማው በሙሉ መልኩ ይታይ ብለው ከጸኑ ቦታ አለው። ከጀርባ ጅራቱ የሚገባበት ማሰሪያ ላይ ይሸመን። ወይም የጫፉ ገበር ላይ ይታተም። ለባሹ በእያንዳንዱ ማለዳ ሲያስር ያየዋል። ስጦታ የተቀበለው እንግዳም ከማን እንደመጣ ያስታውሳል፤ ሌላ ሰው ግን አያየውም።

የማስታወቂያ ሰው

ይህ የመጨረሻው ሐሳብ አሳምኖኛል። ማሰሪያው ላይ የሚለውን እኔም ለደንበኞቼ አቀርበዋለሁ። ግን ባለ መስመር ክራቫትስ? ብዙ ድርጅት የሚወደው እሱን ነው፤ በድርጅቱ ቀለሞች ቀላል ይመስለኛል።

ልብስ ሰፊው

ቀላል ይመስላል እንጂ ጥንቃቄ ይፈልጋል። የብሪታንያ የጦር ክፍሎች፣ ትምህርት ቤቶችና ክለቦች የየራሳቸው መስመር አላቸው። እዚያ መስመሩ ከለባሹ ግራ ትከሻ ወደ ቀኝ ይወርዳል። የልብስ ድርጅቱ ብሩክስ ብራዘርስ በአሜሪካ በተቃራኒው አድርጎ ነው ያስለመደው፤ ከቀኝ ትከሻ ወደ ግራ። ድርጅቱ የውጭ እንግዶች ካሉት የመረጣችሁት የቀለም ቅደም ተከተል የሌላ ተቋም መለያ አለመሆኑን አጣሩ። የሌላን ክፍለ ጦር ክራቫት ለአንድ የቀድሞ መኮንን በስጦታ መስጠት ደስ አይልም።

ለዲዛይነሯ፦ መስመሩን ፋይልሽ ላይ በሰያፍ አትሥሪው። ጨርቁ ላይ አግድም ነው የሚሸመነው። ሰያፍ የሚያደርገው አቆራረጡ ነው።

ቀለማት

ከደንበኛው ጋር ተገናኘሁ። የታጠፈውን ሻርፕ አንገቴ ላይ አስሬ ነው የገባሁት። ኃላፊዋ ራሷ «አርማችን የት አለ?» አለች። ዞሬ ማጅራቴን አሳየኋት። ሌላ ማብራሪያ አላስፈለገም።

የተስማማነው ይህ ነው። ሻርፑ 90 ካሬ፣ አራት ማዕዘን በአራት መደብ፣ የአርማቸው ቅስት ጠርዙን እየዞረ ይደጋገማል። ክራቫቱ ጃካርድ፣ አረንጓዴ በአረንጓዴ፣ ቅስቱ በትንሹ። ሙሉ አርማው ከኋላ ማሰሪያው ላይ። ለሠራተኞቹ ሁለት ሁለት። ከሠራተኞቹ ጋር ስናወራ ሁለት ሴቶች ክራቫት መረጡ፤ ተመዝግቧል።

አሁን ያሳሰበኝ፣ በሚቀጥለው ዓመት ሠራተኛ ሲጨመር ተመሳሳዩን ማግኘት ነው።

ድርና ማግ

አሪፍ ነው፤ በጣም ደስ ብሎኛል። ጥያቄሽም ወቅቱን የጠበቀ ነው።

ቀለም ከአንዱ ንክር ወደ ሌላው ትንሽ ይለያያል። ከአሁኑ ተርፎ የሚቀመጥ አስይዢ። ለክራቫቱ ያልተቆረጠ ጨርቅ ቢሆን ይሻላል፤ ያኔ ረጅም ልክም አጭርም ከእሱ ይወጣል። የመጨረሻውን ናሙና ሦስት ቦታ ቆርጣችሁ፣ ሁለታችሁም ፈርማችሁበት፣ አንዱን አንቺ፣ አንዱን ደንበኛው፣ አንዱን ፋብሪካው ይያዝ። ክርክር ሲመጣ የሚዳኘው እሱ ነው። ከብርሃን ተሸፍኖ ይቀመጥ፤ መስኮት አጠገብ ከዋለ ራሱ ናሙናው ይለወጣል።

ውሉ ላይ የዲዛይኑ ፋይል የማን እንደሆነም ይጻፍ። ድግግሞሹን የሠራሽው አንቺ ነሽ። አርማው የእነሱ ነው። ሁለቱ ተዋህደዋልና አስቀድሞ ካልተጻፈ ሌላ አታሚ ጋር ወስደው ሲያሠሩት የምትዪው ነገር አይኖርሽም።

አታሚው

የሻርፑን ፋይል ስትልኪ ፊቱና ጀርባው የትኛው እንደሆነ፣ የትኛው ማዕዘን የትኛው መደብ እንደሆነ ምልክት አድርጊበት። የመጀመሪያው ናሙና ሲመጣ ታጥፎ የተነሳ ፎቶ እዚህ ለጥፊልን።